ድንጋይ የያዘው ባሕር ዳር፦ የደለል ንብርብሮች የጥንቱን የባሕር ጠለል እንዴት ይመሰክራሉ

በግንቦት መጨረሻ፣ የክረምቱ ዝናብ ሳይበረታ፣ በጣና ዳር የሚሄድ ሰው ውሃው ከለመደው ቦታ ሸሽቶ ያገኘዋል። የሐይቁ ከፍታ በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወርዳል፣ መልሶም ይወጣል፤ ዝቅ የሚለው በሰኔ አካባቢ ሲሆን ሞልቶ የሚታየው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ዳሩ ቀጥ ብሎ በሚወርድበት ቦታ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም፤ ለጥ ባለው የፎገራና የደንቢያ ዳርቻ ግን ያቺ አንድ ሜትር ተኩል የውሃውን ጠርዝ ብዙ ርቀት ታስኬደዋለች፣ ገበሬውም ውሃ የለቀቀውን መሬት እግር በእግር ተከትሎ ይዘራበታል። ያን አዲስ የተገለጠ መሬት ጎንበስ ብሎ ላየው ባዶ አይደለም። ጭቃው በፀሐይ ደርቆ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ማዕዘን ሆኖ ተሰነጣጥቋል፤ የእያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዝ እንደ ደረቀ እንጀራ ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ በላዩ የወፍ እግርና የከብት ኮቴ ታትሟል፤ በስንጥቁ ውስጥ ነፋስ ያመጣው ደቃቅ አሸዋ ገብቷል። ሐምሌ ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲመጡ አብዛኛው ታጥቦ ይጠፋል። አንዳንዱ ግን ሳይፈርስ በአዲስ ደለል ይሸፈናል፤ የተሸፈነውም በላዩ ሌላ ደለል ሲጫነው ውሃው ተጨምቆ ይወጣና፣ ማዕድን እንደ ሙጫ ሲያጣብቀው በረጅም ዘመን ድንጋይ ይሆናል።

የሥነ ምድር ባለሙያ በአለት ውስጥ እንዲህ ያለ በአሸዋ የተሞላ ስንጥቅ ሲያገኝ ውሃው እዚህ ነበር፣ ከዚያም ሸሸ፣ ቆይቶም ተመለሰ ለማለት ብዙ አያመነታም፤ ውሃ ያልተለየው ጭቃ ፀሐይ አይሰነጥቀውምና። ደለል አለት ስለ ጥንቱ የባሕር ጠለል የሚሰጠው ምስክርነት በመሠረቱ የዚህ ዓይነት ነው፤ የሚለየው በስፋቱና በዘመኑ ርዝመት ብቻ ነው።

ከተማችን የተጠራችበት ስም ለዚህ ጉዳይ ከብዙ የሳይንስ ቃላት ይልቅ ይመቻል። አማርኛ ታላቁን ሐይቅም ጨዋማውን ውቅያኖስም «ባሕር» ይላል፤ «ባሕር ዳር» ደግሞ ውሃና የብስ የሚገናኙበት መስመር ነው። ንብርብሮቹ በዋናነት የሚመዘግቡት ይህንኑ መስመር ነው። ብዙ ሰው ድንጋዩ የባሕሩን ከፍታ በሜትር ለክቶ እንዳስቀመጠ አድርጎ ያስባል፤ እንደዚያ አይደለም። ድንጋዩ የሚናገረው ዳሩ ከዚህ ቦታ ቀርቦ ወይም ርቆ እንደነበር ነው፤ ከፍታው የሚገኘው ከዚያ በኋላ በስሌት ነው፣ ስሌቱም የራሱ ወጥመድ አለው።

ቅርቡና ሩቁ የሚለየው በመጀመሪያ በቅንጣቱ መጠን ነው። ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ከሚገባበት ቦታ አንድ እፍኝ ደለል ወስዶ፣ ውሃ በሞላ ጠርሙስ ውስጥ በጥብጦ ማስቀመጥ ነገሩን በዓይን ያሳያል። አሸዋው ወዲያው ከታች ይቀመጣል፤ ደቃቁ ደለል ደቂቃዎች ይወስድበታል፤ የሸክላው አፈር ግን ውሃውን እንዳደፈረሰ ያድራል። በባሕርም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ማዕበል በሚመታው ዳርቻ ከባዱ አሸዋ ይቀራል፣ ቀላሉ ጭቃ ወደ ውስጥ ተወስዶ ውሃው ጸጥ ባለበት ይሰፍራል። ከዚያም አልፎ፣ የወንዝ ጭቃ በማይደርስበት፣ ውሃው ጥሩና ሞቃት በሆነበት ቦታ፣ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት፣ ዛጎሎችና ኮራሎች የሚሠሩት የኖራ ቅርፊት እየተጠራቀመ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ከዳሩ ወደ ውስጥ ሦስት ሰፈሮች አሉ እንበል፦ የአሸዋ ሰፈር፣ የጭቃ ሰፈር፣ የኖራ ሰፈር። እውነተኛው ባሕር ከዚህ የበለጠ የተወሳሰበ ነው፤ ለመረዳት ግን ሦስቱ ይበቃሉ።

አሁን ባሕሩ ቀስ እያለ ወደ የብሱ ገባ እንበል፤ እኛ ደግሞ ከአንድ ቦታ ሳንነቃነቅ ቆመን እናያለን። መጀመሪያ ዳሩ እግራችን ሥር ይደርስና አሸዋ ያለብሰናል። ውሃው እየገፋ ሲሄድ ዳሩ ከኋላችን ይርቃል፣ የጭቃው ሰፈር እኛ ወዳለንበት ይመጣና በአሸዋው ላይ ጭቃ ይነጠፋል። ባሕሩ አሁንም ከገፋ የኖራው ሰፈር ይደርሳል፣ በጭቃው ላይም ኖራ ይነጠፋል። ሰፈሮቹ ጎን ለጎን የነበሩ ናቸው፤ እኛ በቆምንበት ቦታ ግን አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ቀሩ። ባሕሩ ሲሸሽ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ በኖራው ላይ ጭቃ፣ በጭቃው ላይ አሸዋ፣ በመጨረሻም የየብስ አፈርና የወንዝ ጠጠር ይመጣል። ይህን መርሕ ጀርመናዊው ዮሐንስ ቫልተር እ.ኤ.አ. በ1894 ጽፎታል፤ የታችኛው ንብርብር ከላይኛው እንደሚቀድም ደግሞ ዴንማርካዊው ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 አስቀምጦ ነበር። የስቴኖ ነገር ሲሰሙት ሕፃንም የሚያውቀው ይመስላል፤ የቫልተር ግን አንድ ጊዜ ካልተብሰለሰለ አይገባም። ፍሬ ነገሩ በገደል ላይ ከታች ወደ ላይ የሚነበበው ድርድር፣ በአንድ ዘመን ከዳር ወደ ጥልቁ ጎን ለጎን ተዘርግቶ የነበረው መሆኑ ነው።

መርሑ የሚሠራው ግን በመካከል የጎደለ ገጽ ከሌለ ብቻ ነው። ባሕሩ ፈጽሞ ሲሸሽ መሬቱ ይገለጣል፤ ደለል መቀበሉ ይቀርና ራሱ ይሸረሸራል። ወንዞች ዝቅ ወዳለው ባሕር ለመድረስ የራሳቸውን ወለል ቆርጠው ይወርዳሉ፣ አፈር ይበቅላል፣ ኖራው በዝናብ ይቦረቦራል። ባሕሩ ሲመለስ በዚያ በተሸረሸረ ገጽ ላይ አዲስ አሸዋና ጠጠር ያነጥፋል፤ በድንጋዩ ላይ የሚቀረው አንድ ሻካራ መስመር ነው። ያች አንዲት መስመር አንዳንዴ ከላይና ከታችዋ ካሉት ንብርብሮች ሁሉ የሚበልጥ ዘመን ይዛለች። የዚህ ዓይነቱ አንድ ታዋቂ ምሳሌ የተገኘው በግብፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለአስዋን ከፍተኛ ግድብ መሠረት በሚቆፈርበት ጊዜ የሶቪየት ባለሙያዎች ከወንዙ በታች ጥልቅና ጠባብ ገደል ተቀብሮ አገኙ፤ የሞላው ደግሞ ከሜድትራንያን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሳለ የባሕር ደለል ነበር። በኋላ እንደታወቀው ከ5.97 እስከ 5.33 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሜድትራንያን ከአትላንቲክ ተቆርጦ ውሃው እጅግ ወርዶ ነበር፤ የናይል ወንዝም የወረደውን ባሕር ተከትሎ ወለሉን ቆረጠ፣ ባሕሩ ሲመለስም ውሃው በዚያው ገደል ወደ ላይ ገባ።

ወደ እኛው አገር እንመለስ። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ሁሉ በታላቅ የባሕር መዝገብ ውስጥ አልፏል፤ አብዛኛው ግን እንቅልፍ ወስዶት ወይም ጠመዝማዛውን ፈርቶ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወረድ መጀመሪያ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ የ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው፤ ባሕር ዳርና ጢስ ዓባይም የቆሙት በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ስለሆነ ይህኛው ለእኛ አዲስ አይደለም። ከእሱ በታች ግን ዓለሙ ይለወጣል። ከጭቃና ከአሸዋ ድንጋይ ቀጥሎ ነጣ ያለ ቢጫ የኖራ ድንጋይ እንደ ግንብ ተደርድሮ ይቆማል፤ ከዚያ በታች ተዳፋቱ ለስለስ ይላል፣ የሸክላ ድንጋይና ነጭ የጂፕሰም ንብርብሮች እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ ወደ ድልድዩ ሲቀረብ ደግሞ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ይታያል።

መንገደኛው የሚያየው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው፤ ታሪኩ የሚነበበው ከድልድዩ ወደ ላይ ነው። የታችኛው የአሸዋ ድንጋይ በአብዛኛው የወንዝ ሥራ ነው፤ ያኔ እዚህ የብስ ነበር። ከዚያ በጁራሲክ ዘመን፣ አፍሪካን ከሕንድና ከማዳጋስካር ጋር ይዞ የነበረው ታላቅ አህጉር ሲሰነጠቅ፣ ባሕሩ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ እየገፋ ገባ። አገባቡ በአንድ ጊዜ አልነበረም። ጂፕሰም፣ ሰው ቤቱን የሚለስንበት ጄሶ የሚሠራበት ድንጋይ፣ የሚፈጠረው የባሕር ውሃ ጥልቀት በሌለው ገንዳ ተዘግቶ በፀሐይ ሲተን ነው፤ በዳሎል አሞሌ የሚቆረጥበትም የጨው ወለል የዚያው ሥርዓት የቅርብ ዘመድ ነው፣ የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶ ተቆርጦ የቀረበትና የተነነበት። በዓባይ በረሃ ጂፕሰሙና የሸክላ ድንጋዩ ደጋግመው መፈራረቃቸው ባሕሩ እየገባ፣ እየተቆረጠ፣ እየደረቀ፣ እንደገና እየገባ ብዙ ጊዜ መመላለሱን ያሳያል። በመጨረሻ ጸንቶ ገባ፤ ከ165 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ገደማ ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው የኖራ ድንጋይ ተነጠፈ። በዚያ ድንጋይ ውስጥ የዛጎል፣ የኮራልና የባሕር ጃርት ቅሪተ አካል ይገኛል፤ አንዳንዱ ቁራጭ ሲሰበር ዛጎሉ መስመሩ ሳይጠፋ፣ ዛሬ ከውሃ የወጣ ይመስል ከነክርክሩ ይታያል። ከኖራው በላይ እንደገና ጭቃና አሸዋ ይመጣል፤ ባሕሩ ወደ መጣበት እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ቫልተር የጻፈው ቅደም ተከተል በአንድ ገደል ላይ ገብቶና ወጥቶ ተጽፏል።

ለባሕር ዳር ሰው የሚደንቀው፣ ይህ የባሕር ወለል እኛም ሥር መኖሩ ነው። በጣና ዙሪያ የመሬትን የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ጠባይ በመለካት የተደረገ ጥናት፣ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ በታች ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ያለው የዚያው ዘመን ደለል የሞላበት ተፋሰስ መኖሩን አመልክቷል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ወጥመድ ይመጣል። የኖራው ድንጋይ ዛሬ የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ታዲያ ባሕሩ ያን ያህል ከፍ ብሎ ነበር? አልነበረም። በግሪንላንድና በአንታርክቲካ ያለው በረዶ ሁሉ ቢቀልጥ እንኳ የዓለም ባሕር ከፍ የሚለው በ65 እና በ70 ሜትር መካከል ነው። ከፍ ያለው መሬቱ ነው፤ ያን ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ያፈሰሰው ከሥር የመጣ ግለት ደጋውን አንሥቶታል፣ ኖራውም አብሮ ወጥቷል።

ከዚሁ ጋር የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። በዓባይ በረሃ ዛጎል ያየ ሰው የጥፋት ውሃ ትራፊ ነው ሲል መስማት የተለመደ ነው፤ ሃይማኖታዊ ትርጉሙን ለሊቃውንቱ ትቼ ስለ ድንጋዩ ብቻ ልናገር። ዛጎሉ የባሕር መሆኑን ያስተዋለ ሰው ትክክል አይቷል፤ እንዲያውም የብዙ ጥበበኞች ምርምር የጀመረው ከዚሁ አስተውሎት ነው። ነገር ግን አንድ ጎርፍ ከባዱን ከታች ቀላሉን ከላይ አድርጎ በአንድ ዙር ያስቀምጣል፤ ጂፕሰም ደግሞ የሚገኘው ውሃ ሲተን እንጂ ሲጎርፍ አይደለም። በአንዱ ንብርብር ላይ ኮራል በቀስታ አድጎ፣ በሌላው ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ ይህም ደጋግሞ ከተፈራረቀ፣ ድንጋዩ የሚናገረው ስለ ረጅም ዘመን መመላለስ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ከፊተኛው ይከብዳል፣ ባለሙያዎችንም ብዙ ያከራከረ ነው። ባሕር ዳሩ የሚንቀሳቀሰው ውሃው ከፍና ዝቅ ስላለ ብቻ አይደለም። መሬቱ ሲሰምጥ ውሃው ባይጨምርም ባሕሩ ይገባል፤ መሬቱ ሲነሣ ባሕሩ ይሸሻል። ወንዝ ብዙ ደለል ካመጣ ደግሞ ውሃው እየጨመረ እንኳ ዳሩ ወደ ባሕሩ ሊገፋ ይችላል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ግልገል ዓባይ በሚገባበት የጣና ደቡብ ዳርቻ ወንዙ ያመጣው ደለል ወደ ሐይቁ ውስጥ ምላስ አውጥቶ ይታያል። ያን ምላስ ከሚሊዮን ዓመት በኋላ ድንጋይ ሆኖ ያገኘ ሰው በጭቃው ላይ አሸዋ ተደርቦ ያይና የሐይቁ ውሃ ወርዶ ነበር ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ይሳሳታል። ስለዚህ አንድ ገደል የሚመሰክረው ስለዚያ ቦታ ውሃና መሬት አንጻራዊ ከፍታ ብቻ ነው።

የዓለም ባሕር በሙሉ ከፍ ማለቱን ለማወቅ እርስ በርስ የማይገናኙ አህጉራትን መዝገብ በዘመን አስተካክሎ ማነጻጸር ግድ ነው፤ ዘመኑን የሚያስተካክሉት ቅሪተ አካላትና ዕድሜው ሊለካ የሚችል የእሳተ ገሞራ አመድ ናቸው። በዚህ ረገድ ትልቁ እርምጃ የመጣው ከነዳጅ ፍለጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የነዳጅ ኩባንያው የኤክሰን ባለሙያ የነበረው ፒተር ቬይልና ባልደረቦቹ የድምፅ ሞገድ ወደ ባሕር ወለል ልከው ከነጸብራቁ የተሠሩ የንብርብር ምስሎችን ከብዙ አገር አሰባስበው፣ የተሸረሸሩት ገጾች በየቦታው በተቀራራቢ ዘመን ይታያሉ ብለው የዓለም ባሕር ጠለል መወጣጫና መውረጃ ንድፍ አወጡ። የንድፉ ዝርዝር ዛሬም ይተቻል፤ አነባበቡ ግን ጸንቷል፣ እኔም ከንድፉ ይልቅ አነባበቡ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ውሃው ራሱ ለምን ይጨምራል ቢባል ሁለት ዋና ምክንያቶች አሉ። አንደኛው በረዶ ነው፤ ከ20,000 ዓመት በፊት ገደማ በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ላይ በተቆለለው በረዶ ምክንያት የዓለም ባሕር ከዛሬው በ120 ሜትር ገደማ ያነሰ ነበር፤ ያ ሁሉ ከአሥር ሺህ በሚበልጡ ዓመታት ውስጥ ተመለሰ። ሁለተኛው የባሕሩ ወለል ቅርጽ ነው። አህጉራት ሲለያዩ በመካከላቸው የሚፈጠረው አዲስ የባሕር ወለል ትኩስና ያበጠ ስለሆነ፣ በሞላ ድስት ውስጥ ድንጋይ እንደ መጨመር ውሃውን ወደ ዳር ያፈስሰዋል። ይህኛው እጅግ ዘገምተኛ ነው፣ በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባውን የጁራሲክ ባሕር ከመሬቱ መስመጥ ጋር ያገዘው እንዲህ ያለው ዘገምተኛ ለውጥ ነው።

ጣና ራሱ ደግሞ በትንሹ ይህንኑ መዝገብ ይዟል። ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ብቻ የሚሆነው ይህ ሐይቅ ከወለሉ በታች ወፍራም ደለል አለው፤ በድምፅ ሞገድና ከወለሉ በቱቦ በወጣ ናሙና የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ያነበበው ታሪክ የሚያስደንቅ ነው። ከናሙናው በታች የተጨመቀ ጠንካራ ደለል ተገኘ፤ በዳርቻው በኩል ደግሞ ይኸው ገጽ በወንዝ ቦይ ተቆራርጧል። ሐይቁ ደርቆ ነበር ማለት ነው። በጠንካራው ገጽ ላይ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ የበሰበሰ ዕፅ ንብርብር ተቀምጧል፤ ዛሬ ታንኳ የሚሠራበት የደንገል ረግረግ፣ ያውም በዳር ሳይሆን በሐይቁ እምብርት ላይ። ቀጥሎ ውሃው እየጨመረ ሲመጣ መውጫ ስላልነበረው በትነት ጥቂት ጨዋማ ሆነ፤ ይህን ያወቁት ዳያተም ከሚባሉት፣ እንደ ብርጭቆ ያለ ቅርፊት ካላቸውና በማይክሮስኮፕ ብቻ ከሚታዩት አልጌዎች ውስጥ ጨው የሚወዱት ዓይነቶች በዚያ ንብርብር ስለበዙ ነው። ከ14,750 ዓመት በፊት እነዚያ በድንገት ጠፉና የጥሩ ውሃዎቹ ተተኩ፤ ጣና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ያኔ ነው።

በዚህ መዝገብ ውስጥ ዳሩን ያስኬደው ዝናብ ነው እንጂ ውቅያኖስ አይደለም፤ ንባቡ ግን ከዓባይ በረሃው አይለይም፦ የተሸረሸረ ገጽ፣ በላዩ የዳር ደለል፣ በላዩ የጥልቁ ደለል። ያው የሁለተኛው ወጥመድ ጥያቄም ይከተለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር ባለ በር ግድብ ተሠርቷል፤ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ከሐይቁ ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ይወርዳል። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ከጣና ወለል ቱቦ የሚያወጣ ሰው በላይኞቹ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች የእምቦጭ ቅሪት ሊያገኝ፣ ዳሩም ሲሄድና ሲመጣ ሊያይ ይችላል፤ የዳሩ እንቅስቃሴ ከዝናቡ ጋር አልገጥም ሲለው ግን በር የሚከፍትና የሚዘጋ እጅ እንደነበረበት ደለሉ ብቻውን አይነግረውም።